ቆርቆሮ የተመታበት መስኮት

ጥቅምት 28 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ ረቡዕ። ዲላ

ገባን። አልጋ፣ ሣጥን፣ ሁለት በርጩማ፣ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ጆንያ ከሰል። ሁሉም በአንድ ጋሪ አለቀ። የአራት ክፍል አስተማሪ ሀብት ይህ ነው።

ቤቱ የአቶ ኸድሩ ፎቅ ምድር ቤት ነው። ላይ እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ መሪማ ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። ታች አንደኛው ክፍል ሱቃቸው፣ መካከለኛው የቡና መጋዘን፣ የዳሩ የእኛ ነው። በሩ በጓሮ በኩል ነው። መስኮቱ ግን ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ ነው፤ መዝጊያው ተሰነጣጥቋል፣ መቀርቀሪያው ላልቷል፣ ቁመቱም አላፊ አግዳሚው ክርኑን አስደግፎ ሊያወጋኝ የሚችል ነው።

ሌላ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ዞሬአለሁ። «ባልሽስ?» ይሉኛል። «በመኪና አደጋ ሞተ» ስል ያዝኑልኛል፤ አዝነው ሲያበቁ ቤቱ ተይዟል ይሉኛል። ባል የሌላት ሴት ስትገባ ማን ተከትሏት እንደሚገባ አይታወቅማ! አቶ ኸድሩ ብቻ ስለ ባል አልጠየቁም። «መምህርት ነሽ አይደል? ልጆቼን ፊደል ታስቆጥሪልኛለሽ» አሉ፤ ተስማማን። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ልጄ ጸሐይ መስኮቱን ወደደችው። በርጩማ ላይ ቆማ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ «ይሄ የአባባን ይመስላል» ትላለች። ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ይነዳ የነበረውን መኪና አልረሳችም።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ጋሼ ደመላሽ ከወናጎ መጡ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም። እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ ሊሉኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ውስጥ አልገቡም። መንገድ ላይ ቆሙና በመስኮቱ እጃቸውን አስገብተው ምስማር ላይ የሰቀልኩትን ነጠላ መዘዙት። ከዚያ ዞረው በጓሮ ገቡና ነጠላውን አልጋው ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይኸው፣ ጥሩብርሃን። ሽማግሌው እኔ በጠራራ ፀሐይ ይህን ካደረግሁ፣ ጎረምሳው በጨለማ ምን ያደርጋል?»

«ሰፈሩ እኮ ሰላም ነው፣ ጋሼ።»

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር። ይህ ቤት አይደለም፣ መንገድ ነው። የወንድሜን ልጅ መንገድ ላይ አላስተኛም። ለገና እመጣለሁ። ቤቱ ቤት ሆኖ ካገኘሁት እሰየው። ካልሆነ ወናጎ እወስዳታለሁ፤ አንቺም በየሳምንቱ መጥተሽ ታያታለሽ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ባሌን የቀበሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔን ደግፈው ያቆሙኝም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው አልወለዱም። ይህን ማንም አላነሳም፤ እኔም ቡና አቀረብኩ። ከሄዱ በኋላ ያልተናገርኩትን ሁሉ ለግድግዳው ነገርኩት።

«በየሳምንቱ ታያታለሽ።» እንደ እስረኛ!

ኅዳር 6

ለትምህርት ቤት ረፍዷል። ሌሊት በመዝጊያው ስንጥቅ መንጠቆ ያለው ዘንግ አስገብተው የጸሐይን ሹራብ ወስደዋል። ራስጌዋ ላይ ነበር የሰቀልኩት። ዘንጉ በፊቷ ላይ አልፏል ማለት ነው። እኔ ተኝቻለሁ። ምን ዓይነት እናት ናት የምትተኛ?

ለጋሼ እንዳትነግር አስጠንቅቄአታለሁ።

ኅዳር 9፣ እሑድ

የአቶ ኸድሩ ቡና መግባት ጀመረ። ጓሮው በሙሉ ምንጣፍ ተነጥፎበት ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ወደ በራችን ለመሄድ በምንጣፎቹ መካከል በጣታችን ቆመን ነው የምናልፈው። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል። ሹፌር፣ ደላላ፣ ጫኝ፣ ገንዘብ የያዘና ገንዘብ የሚፈልግ።

ዘበኛም ተቀጥሯል። ጴጥሮስ ይባላል፤ ከጨለለቅቱ ወገን የመጣ ጌዴኦ ነው። የሚሲዮን አማኝ ስለሆነ አይጠጣም ይላሉ። ቡናው መሸት ሲል ወደ መጋዘን ይገባል፣ እሱም በመጋዘኑና በእኛ መስኮት መካከል ከፎቁ በረንዳ ሥር ቁጭ ይላል። መጥረቢያና ወፍራም ካፖርት አለው። ሌሊቱን ያስላል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳል አይደለም፤ ጉሮሮ የሚጠርግ፣ ሆን ተብሎ የሚሳል ነው። «እህ! እህ!» ሰው እንዲሰማው።

ወንድ ሴት ቤት አጠገብ ቆሞ ሲያስል ምን ማለት እንደሆነ የማላውቅ ልጃገረድ አይደለሁም።

ለቡናው ዘበኛ ተቀጠረለት። ለእኛስ?

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ ተከምሮ ይጨሳል፣ ሰማዩ አይታይም። በሽታ ይወጣል ይላሉ፤ እኔ ግን ራሴን አመመኝ።

ዛሬ ምድጃውን ወደ ቤት አስገባሁት። ማድቤቱ ከጓሮው ጥግ ነው፤ ከመሸ በኋላ ጸሐይን ብቻዋን ትቼ እዚያ መቆም አልችልም። ትላንት ወጥ ላማስል ወጥቼ ስመለስ አንድ የማላውቀው ሰው በራችን ላይ ቆሞ ነበር። «ጠላ አለ?» አለኝ። ብቻዋን ምድር ቤት የምትኖር ሴት ሌላ ምን ትሸጣለች!

አስተማሪዋ አሰፋች ይህን ስነግራት ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ምድር ቤት የሚከራየው ወይ ባለ ሱቅ ነው ወይ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው። ሳይዋጥ የቀረው ለእኔ በቂ ነው።

ኅዳር 19

ጋሼ ደመላሽ በአውቶቡስ ቆርቆሮ ላኩ፣ ከነምስማሩ። «መስኮቱ ላይ ይመታ» ብለዋል። አናጢው በግማሽ ሰዓት መትቶት ሄደ። ቀን እንኳ ኩራዝ ሳላበራ ደብተር ማረም አልችልም።

ጸሐይ አለቀሰች። መኪና አይታያትማ። «ሌባም አያይሽም» አልኳት። «እኔ ሌባ አይደለም ማየት የምፈልገው» አለች።

ለሦስተኛ ክፍል ዛሬ ያስተማርኩት ጤና አጠባበቅ ነበር። ንጹሕ አየር። «ቤታችሁ መስኮት ይኑረው፣ ጧት ጧት ክፈቱት» ብዬ አስደገምኳቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንዱ እጁን አወጣና «መምህርት፣ ሌባ ቢመጣስ?» አለ። «ሌባ ሲመጣ ትዘጋዋለህ» አልኩት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ጎሕ ሲቀድ ነቃሁ። ጸሐይ ከአልጋ ወርዳ በሌሊት ልብሷ ግድግዳው ሥር ቆማለች። ከውጭ «እህ! እህ!» አለ። እሷም ጉሮሮዋን ጠርጋ «እህ! እህ!» አለች! ከውጭ ሳቅ ተሰማ። ከተጀመረ ሰንብቷል። ጧት ጧት እሱ ያስላል፣ እሷ ትመልሳለች።

ቆነጠጥኳት። ከዚያ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ጴጥሮስ ካፖርቱን እያጠፈ ነበር፤ ሲያየኝ ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከልጄ ጋር ምን ጨዋታ አለህ?»

«እትዬ፣ አትቆጣ» አለ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም፤ እኔንም አንተ ነው የሚለኝ። «ልጁ ነው የጀመረው። እኔ ሌሊት ሲያስል፣ ሌባ ሰው አለ ብሎ ይሄዳል። ጧት ልጁ ሲያስል፣ እኔ ደህና አደረ ብዬ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ሌላ ነገር የለም።»

«ልጄ ደህና ማደሯን የምጠይቅ እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንዳልሰማ!»

«እሺ፣ እትዬ።»

አቶ ኸድሩንም ከመስኮቴ ያርቁልኝ ብዬ ለመንኩ። «ቡናው እዚህ፣ ሰውየው የት ይሂድ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቡናው ነው ዋናው።

ጸሐይን እንደገና ብሰማሽ ጅራፍ ነው ብያታለሁ። ጅራፍ የለኝም።

ታኅሣሥ 3

የሰካራሙ ብዛት! በር ላይ መጥተው ይገፉታል። ሣጥኑን አስጠግቻለሁ። ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጆንያ ቁራጭ ጠቀጠቅሁት፤ በእሱም በኩል እንጨት ሰድደው ነበር። ራሴን በጣም ያመኛል።

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

ጸሐይ ክፍል ውስጥ ተኛች ብለው አመጡልኝ። አስመለሳት። አሰፋች «ምች ነው» አለችና ዳማ ከሴ ጨምቃ ሰጠችን። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ስትሮጥ ደህና ነበረች። ማታ ቤት ስንገባ እንደገና ራሴን አለች። እኔንም። ምች የያዘን ሁለታችንንም መሰለኝ፤ ወይ ድካሙ ነው። ጧት ስነሳ እግሬ አይታዘዘኝም። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ አረጀሁ።

ላይ ቤት ሲስቁ ይሰማኛል። በረንዳቸው ክፍት ነው። ፎቅ ላይ መኖር እንዴት ያለ ነገር ነው።

ታኅሣሥ 14፣ እሑድ

ገና ደረሰ። ዛሬ ቤቱን በጋሼ ዓይን ዞሬ አየሁት። በመስኮቱ ቆርቆሮ፣ በመዝጊያው ዳር ጨርቅ፣ ከበሩ ሥር ጆንያ፣ በር ላይ ሣጥን። ትንኝ እንኳ አይገባም። ይምጡና ይዩ። እጃቸውን በየት በኩል እንደሚያስገቡ አያለሁ።

ራስ ምታቱ አለ።

ታኅሣሥ 20፣ ቅዳሜ

ተርፈናል። ሁለታችንም።

ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 22፣ ሰኞ ማታ

የምጽፈው ላይ ቤት፣ ወይዘሮ መሪማ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሆኜ ነው። ጸሐይ ከልጆቻቸው ጋር ተኝታለች። ብዙ ጊዜ ተነስቼ እጄን አፍንጫዋ ሥር አድርጌአለሁ።

ሐሙስ ማታ ጸሐይን ገላዋን አጠብኳት፣ ፀጉሯንም። ብርድ እንዳይመታት ከሰሉን ጨመር አደረግሁ። እሷ ተኛች። እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም አመሸሁ። ፍሙ ገና ቀይ ነበር። ምድጃውን ላወጣ አስቤ ነበር፤ ሁልጊዜ ከመተኛቴ በፊት አስበዋለሁ። ለማውጣት ግን ሣጥኑን መግፋት አለብኝ፣ ጆንያውን መንቀል አለብኝ፣ በሩን መክፈት አለብኝ፤ ተመልሼ ደግሞ ሁሉንም እንደነበረ ማድረግ። ሣጥኑን መግፋት ታከተኝ። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው ሰው ነግሮኝ ነው።

ጧት ጴጥሮስ እንደ ልማዱ አሳለ። መልስ የለም። እንደገና አሳለ። ልጄ ከቁንጥጫዬ በኋላም ተግሣጹን ሰምታ አልተወችውም ነበር፤ እኔ እንዳልሰማ በነጠላዬ ጫፍ አፏን ይዛ ቀስ ብላ ትመልስለት ነበር። ያን ዕለት አልመለሰችም። ቆርቆሮውን መታ። ጠራን። ከዚያ ወይዘሮ መሪማ እንደሚሉት እንደ እብድ ጮኸ፣ በመጥረቢያውም ቆርቆሮውን ይቀደው ጀመር። ሰው ሁሉ ዘበኛው ራሱ ሌባ ሆነ ብሎ ነበር የወጣው። እሱ ግን በመስኮቱ ገብቶ፣ ሣጥኑን ገፍቶ፣ በጓሮው በር አወጣን።

ዓይኔን ስገልጥ ሰማይ አየሁ። ጓሮ፣ ለጧት ፀሐይ ገና በተሰጣ የቡና ምንጣፍ ላይ ተጋድሜአለሁ። ከጎኔ ጸሐይ። ከንፈሯ ሌላ ቀለም ነበረው፣ አልጽፈውም። ወይዘሮ መሪማ ጫማ ሳያደርጉ ወጥተው ጭንቅላቷን ታቅፈው በቋንቋቸው ይለምናሉ። ከዚያ አስመለሳት፤ ቡናው ላይ። አስመለሳትና አለቀሰች። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ልቅሶ የለም። አቶ ኸድሩ ቡናቸውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ጴጥሮስ ከአጠገባችን ተንበርክኮ ነበር። ቆርቆሮው መዳፉን ሰንጥቆታል። «እትዬ፣ ልጁ አላሳለም» አለኝ፣ ሊያስረዳኝ፣ መስኮት መስበሩን ይቅር እንድለው። «እኔ እኮ አታናግር ብለሃል። ግን አላሳለም።»

ልጄ ታዛዥ ብትሆን ኖሮ ማንም ዝምታችንን አይለየውም ነበር። ይህን ስንት ጊዜ ባስበው አያልቅልኝም።

ደግሞ «ንጹሕ አየር» እያልኩ ሕፃናት አስደግማለሁ!

ታኅሣሥ 26

ወደ ቤታችን ወርደናል። መስኮቱ ጆንያ ተሰቅሎበታል። አናጢዎቹ ለበዓል አገራቸው ገብተዋል። ጋሼ እሑድ ይመጣሉ።

ወይዘሮ መሪማ «ሌባ ሰበረው በያቸው» አሉኝ። ሌባ ካልኩ ይወስዷታል። «እንግዲያ እውነቱን ንገሪያቸው።» እውነቱን ካልኩም ይወስዷታል፤ ያውም በሚገባ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ።

የጸሐይን ልብስ አጥቤ አጣጥፌአለሁ። ለበዓል ብዬ ነው።

ታኅሣሥ 28፣ እሑድ። ገና

መጡ። ሙክት አስይዘው። እንደ ባለፈው መንገድ ላይ ቆመው መጀመሪያ ያዩት መስኮቱን ነው። ጆንያውን በዱላቸው ገለጥ አደረጉ። እኔ ከውስጥ ቆሜ ፊት ለፊት ተያየን።

«ሌባ ገባ?»

አዎ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሌባ አይደለም፣ ጋሼ። ዘበኛው ነው የሰበረው፣ እኛን ለማውጣት። ከሰል አፍኖን ነበር። ቤቱን ደፍኜው ነበር፤ በየትም በኩል እንዳይገባ ብዬ ደፍኜው። ልጅዎ ልትሞትብኝ ነበር። እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ምድጃውን፣ ሣጥኑን መግፋት መታከቴንም። እያለቀስኩ አልነበረም፤ ደክሞኝ ነበር። ስጨርስ ዞረው በጓሮ መጡና ገቡ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጸሐይን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ፊቷን አገላብጠው አዩ።

«ማን አወጣሽ?»

«ጋሼ ጴጥሮስ። አላሳልኩም ነበራ!»

ምን እንዳለች አልገባቸውም። ነገር ግን ዓይናቸው ከእሷ ትከሻ ባሻገር ግድግዳው ጥግ ላይ አረፈ። ቆርቆሮው እዚያ ተደግፏል፤ መሐሉ ተቀዷል፣ ዳሩ ላይ የጴጥሮስ ደም ደርቋል። አልጣልኩትም፤ ቆርቆሮ አይጣልም።

«ይህ የላክሁት ነው?»

«አዎ ጋሼ። የላኩት ነው።»

ምሳ ቀረበ፤ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመሱና እጃቸውን ታጠቡ። ጴጥሮስን አስጠሩት፤ መዳፉን ገልብጠው አዩ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ዝቅ ብለው ሳሙት። እንዲህ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። ጴጥሮስ የሚገባበት ጠፋው።

ከዚያ ተነሱ። የተጣጠፈውን ልብስ አየሁት። እሳቸውም አዩት። ዱላቸውን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ በሌላው ቆርቆሮውን።

«የብረት ዘንግ ነው የሚሻለው፣ አየር የሚያስገባ። ወናጎ አሠርቼ እልካለሁ» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «ምድጃውን ደግሞ…»

«ማድቤት ነው፣ ጋሼ።»

«ማድቤት።»

ልጄን ሊወስዱ የመጡት ሰው የተቀደደ ቆርቆሮ ብብታቸው ሥር ይዘው ወደ አውቶቡሱ ሄዱ። በር ላይ ቆመን ሸኘናቸው። ጸሐይ «ለምን ወሰዱት?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ማታ ልብሷን ወደ ሣጥን መለስኩ።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

የብረት ዘንጎቹ ከመጡ ሰነበቱ፤ መዝጊያውም ታደሰ። ጸሐይ በዘንጎቹ መካከል አፍንጫዋን አስገብታ መኪና ትቆጥራለች።

ዛሬ የመጨረሻው ቡና ተጫነ። ጓሮው ባዶ ነው፤ በእግራችን ሙሉ ረግጠን ማለፍ ገና አልለመድንም። ቡና ከሌለ ዘበኛም የለም። ጴጥሮስ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሊሰናበት መጣ። ዳቦ ጋግሬለት ነበር።

«እትዬ፣ ደህና ሁን» አለኝ።

«አንተም ደህና ሁን፣ ወንድሜ» አልኩት። ለጸሐይ «እህ! እህ!» አላት፤ መለሰችለት፤ ሄደ።

አሁን መሽቷል። ምድጃው ማድቤት ነው፣ መስኮቱ ገርበብ ብሏል። አንድ መኪና ያልፋል፣ ከዚያ ምንም የለም። ከበረንዳው ሥር ማንም የለም። መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ፣ ተነሳሁ፣ ዘንጎቹን በእጄ ነካካሁ፣ ተኛሁ፣ እንደገና ተነስቼ ይኸው መብራት አብርቼ እጽፋለሁ። ከወር በላይ ይህን ሳል ስረግም ከርሜ፣ ዛሬ ያለ እሱ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ጸሐይ ተኝታለች ብዬ ነበር። አሁን ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። «እህ! እህ!» አለች፣ ድምጿን እንደ ወንድ አወፍራ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ዘበኛ አለ። ተኚ እንግዲህ፣ እማዬ።»